የማን ልጅ ነው?

«የሚያልፍ ዝናብ አይምታህ» ብሎ የተረተ ሰው መጠለያውን መርጦ የሚጠለል ሰው መሆን አለበት። ዝናቡስ እውነት ነው፣ ያልፋል። ግን አንዳንድ ደጃፍ አለ፣ እሱ ሥር ከመቆም በዝናብ መበስበስ የሚሻልበት። ለወጣቱ መምህር እንዲህ ያለው ደጃፍ የአማቱ የድንጋይ ጠራቢው ደጃፍ ነበር። ያን ቀን ግን ደረቱ ላይ ጨቅላ ልጅ ታቅፎ ስለነበር የሚመርጥበት ጊዜ አላገኘም።

ሽማግሌውን ሰፈሩ «አባ መሮ» ይላቸዋል። መሮ ከእጃቸው ወርዶ ያየ ሰው ስለሌለ ነው። የሟች ስም በመቃብር ድንጋይ ላይ እየቀረጹ ያረጁ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ተሸጉጣ ያለች፣ ነጭ ትቢያ ከራዲዮኑም ከማንቆርቆሪያውም ከባለቤቷም ቅንድብ ላይ የማይጠፋባት ሱቅ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ «ሰውዬ፣ የምትሠራው ድንጋይ ቤት ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሚስትየውም ካለፉ ቆይተዋል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አባ መሮ ቀና አላሉም። ሰው በዝናብ ጊዜ እዚያ መጠለሉ የተለመደ ነው። የእግር ኮቴ ሲሰሙ፣ «ግቡ፣ ግቡ! እዚህ ቤት የሚከፍለው የተጋደመው ብቻ ነው» አሉ። የዘወትር ቀልዳቸው ነበር። አንዲት ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ግን ቀልዱ ከአፋቸው የሚወጣው እንደ ሳል ነው፤ ሳይፈልጉት።

«ደህና ዋሉ፣ አባባ።»

መሮው ቆመ። የአማቻቸው ድምፅ ነበር። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ እንጂ ጨዋታ የላቸውም። አንዱ ሌላውን ባየ ቁጥር የምትጎድለው ሦስተኛዋ ትታየዋለችና መራራቁን መርጠው ነበር።

«ደህና። አንተ ነህ እንዴ?» አሉ አባ መሮ፣ ዓይናቸውን ወደ ጨቅላው ሳያሳርፉ። «ያቺን በርጩማ ሳባትና ተቀመጥ። የሷ በርጩማ ናት። ግድ የለም፣ ተቀመጥባት።»

«ከክሊኒክ እየመጣን ነው» አለ መምህሩ እየተቀመጠ። «ዛሬም ክብደት አልጨመረም።»

«ይጨምራል።»

«እነሱም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

 መምህሩ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲያጣ በጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ድንጋይ አየ። ነጭ እብነ በረድ ነው፣ ያማረ። ከላይ የሚስቱ ስም ተቀርጿል። ፊደላቱ ግን ዘመው ነበር፤ ሰካራም እንደተከለው አጥር። ሽማግሌው ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ ፊደሉን በእርሳስ ነድፋ የምትሰጣቸው ልጃቸው ነበረች፤ እሳቸው መስመሯን ተከትለው ይቀርጻሉ። ይህን ድንጋይ ማን ይንደፍላቸው? ከስሟ በታች ደግሞ አንድ መስመር አለ፤ «የቤንኦኒ እናት» ይላል።

መምህሩ ፊቱ ተለወጠ። «አባባ፣ ቀረጹት እኮ።»

«ቀረጽኩት።»

«እሑድ ሳይደርስ?»

«ድንጋይ እሑድን አይጠብቅም።»

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳችሁ፣ ልጆቼ። ሟች ወደ ማዋለጃው ክፍል ስትገባ ለባሏ አንድ አደራ ነግራው ነበር፤ «ስሙን አባቴ ያውጣለት» የሚል። አባቷም ከቀብሩ በኋላ መጽሐፉን ገልጠው፣ በአውራ ጣታቸው መስመር እየተከተሉ፣ ራሔል በመንገድ ላይ ወልዳ የሞተችበትን ታሪክ አነበቡና «ልጁ ቤንኦኒ ይባል» ብለው ላኩበት። ስሙ በምእመናን ፊት የሚነገረው በመጪው እሑድ ነው። መምህሩ አደራ አስሮት ዝም አለ እንጂ እንቅልፍ አልነበረውም። እሑድ ካለፈ ስሙ ጸና ማለት ነው፤ «የሚያልፍ ቀን የማያልፍ ስም ይሰጣል» ይባል የለ?

«አባባ፣ አይቆጡኝና… ትርጉሙን አስበውበታል?»

«አንተ የቋንቋ መምህር ብትሆን እኔ ደንቆሮ ነኝ? የኀዘኔ ልጅ ማለት ነው። በመጽሐፉ ግርጌ ላይ ተጽፏል። ራሔል ምጥ ጠናባት፣ ነፍሷ ስትወጣ ቤንኦኒ ብላ ጠራችው። የኛው ቤት ታሪክ አይደል? ስሙን ብቻ ነው የተበደርኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞተች! ሌላ ምን አለ?»

መምህሩ ጨቅላውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረው። «ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል አላነበቡትም፣ አባባ?»

 እውነቱን ለመናገር አባ መሮ አላነበቡም። አውራ ጣታቸው ስሙ ላይ ሲደርስ ዓይናቸው ሞላ፣ መጽሐፉንም ከደኑት። ሰው ሲያዝን እንዲህ ነው። ያነበበው የራሱን ታሪክ ሲመስለው አለቀ ብሎ ይከድነዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ እኩል ላይ እንደቆመ አያስተውልም።

«'አባቱ ግን' ይላል» አለ መምህሩ ዝግ ብሎ።

«ምን ግን?»

«'አባቱ ግን ብንያም አለው' ነው የሚለው። እዚያው ላይ፣ አንድ እስትንፋስ ሳይሞላ። እናት አንድ ስም ሰጥታው ሄደች፤ አባት ሌላ ስም ሰጥቶት ተቀበለው።»

ሽማግሌው ሳቅ የሚመስል ነገር አወጡ። «ብንያም! እዚህ ደጃፍ ላይ ቆመህ ብንያም ብለህ ብትጣራ ግማሽ ሰፈር አቤት ይልሃል። የጎማ ጠጋኙ ልጅ ብንያም ነው። መስኮቴን በኳስ የሰበረውም ብንያም ነው። የኔ ልጅ የሞተችው ለሌላ ተጨማሪ ብንያም ነው?»

«ስሙ ስለበዛ ትርጉሙ አልቀለለም።»

«እሺ፣ አንተ አባቱ ነህ። 'አባቱ ግን' ካለ ለውጠው! እኔን ምን ያስለምንሃል?»

«አልችልም። አደራዋ አለብኛ። ስሙን እርስዎ ያውጡለት ብላለች። እርስዎ ካልለወጡት ቤንኦኒ ይባላል፣ እኔም ቤንኦኒ ብዬ እጠራዋለሁ። የመጣሁት ግን ለመለመን አልነበረም፤ ዝናብ ነው ያስገባኝ።»

አባ መሮ መሮውን አስቀምጠው እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ጣሉ። ድምፃቸው ለዘብ አለ፤ ቁጣው ግን ከሥሩ ነበረ።

«ስማኝ፣ ልጄ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኔ ይህን ስም አልፈለግኩትም፤ መጥቶ አፌ ላይ ወደቀ። ደግሞም እውነት ነው። ይህ ልጅ የኀዘን ልጅ አይደለም በለኝ እስቲ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስም ስቀርጽ አንድ ውሸት ጽፌ አላውቅም። ቀማኛውን 'ደጉ' ብለህ ጻፍልን ያሉኝን መልሻለሁ።»

«ስምን መልአክ ያወጣዋል እንጂ ኀዘን ያወጣዋል አልተባለም፣ አባባ።»

«ኀዘንም መልአክ አለው።»

«ይኖረው ይሆናል። ግን ልጁን ስናስነሳው እንዴት ልንለው ነው? 'የኀዘኔ ልጅ ሆይ፣ ተነሥ፤ የኀዘኔ ልጅ ሆይ፣ ፊትህን ታጠብ፤ የኀዘኔ ልጅ ሆይ፣ ሮጥ ብለህ ዳቦ ግዛ።' አስተማሪው ስሙን ሲጠራ እሱ አቤት ይላል። አቤት ባለ ቁጥር እናቱን የገደልኳት እኔ ነኝ እያለ ነው።»

«አታጋንን! ስም ሲደጋገም ትርጉሙ ያልቃል። እንደ ደረጃ ድንጋይ በእግር ብዛት ይላጫል። ማን ስለ ስም ትርጉም ያስባል?»

«ታዲያ እርስዎ ለምን መረጡት? ትርጉሙ እንዲሰማ አይደለም እንዴ?»

 ክርክር የጠበበበት ሽማግሌ ወደ መጽሐፍ ይሸሻል። «ያቤጽስ? እናቱ በጣር ወልጄዋለሁ ብላ የጣር ስም አወጣችለት። ከወንድሞቹ ሁሉ የከበረ ሆነ ይላል። ይኸንንስ አላነበብኩትም?»

«ይህንንስ አንብበዋል» አለ መምህሩ፣ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ሊመስል የፈለገ ነገር እየታየ። «ግን ምን ብሎ ጸለየ? እንዳላዝን ከክፉ ጠብቀኝ ብሎ አይደለም? ሌላው ሰው ለእርሻው፣ ለከብቱ ሲጸልይ እሱ በገዛ ስሙ ላይ ሲጸልይ ኖረ። አምላክ ሰማው፣ ከበረም። ነገር ግን አንድን ልጅ ያንን ሸክም አሸክሞ 'ጸልየህ አውርደው' ማለት የአያት ሥራ ነው?»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ደከም አለ፣ ደግሞም በረታ። ጨቅላው በእንቅልፉ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ሁለቱም ሰዎች ሳይወዱ ጆሯቸውን ሰጡት።

«እኔ ተስፋ ኖሮኝ የምናገር እንዳይመስልዎት» አለ መምህሩ። «ጠዋት ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ እልና ለምን እንደማስር ይጠፋኛል። አንዳንድ የቋንቋ ሰዎች 'ኦኒ' የሚለው ቃል ጉልበት ማለትም ይሆናል ይላሉ፤ ያዕቆብ ስለ በኩር ልጁ ኃይል ሲናገር ያንኑ ቃል ተጠቅሞበታል። እሱን ይዤ ልከራከርዎት እችል ነበር። አላደርገውም። ምጥ ላይ የነበረች ሴት ቃል አይጠመዘዝም። ራሔል ኀዘን ነው ያለችው። እውነቷን ነው። ግን እሷ ተናግራው አረፈች፤ ተሸክሞት የሚኖረው ልጁ ነው።»

አባ መሮ በድንገት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ትቢያው ቦነነ።

«እንዳትረሳ ነው!» አሉ። «ገባህ? እንዳትረሳ! አንተ ወጣት ነህ፣ ነገ ታገባለህ፤ አልፈርድብህም። እኔ ዛሬ ወይ ነገ የምሄድ ሰው ነኝ። ልጁ ብንያም ተብሎ ኳሱን ሲያባርር ይውላል። እሷ የት ልትገባ ነው? በማን አፍ ልትጠራ ነው?»

ይኸው ነበር እንግዲህ ከስሙ ሥር የተቀበረው። የመጽሐፍ ክርክር፣ የመልአክ ተረት፣ የእውነት ወግ፣ ሁሉም ከላይ የተከመረ ድንጋይ ነበር። ብዙ ሰው አጉል ልማድን ሙጭጭ ብሎ ሲይዝ ስታዩ አትፍረዱበት፣ ልጆቼ፤ ልማዱን አይደለም የያዘው፣ ከልማዱ ሥር ያለ አንድ ሰው አለ።

መምህሩ ጨቅላውን አስተካክሎ ታቅፎ፣ «ያዕቆብ ራሔልን ከቀበረ በኋላ ምን አደረገ?» ሲል ጠየቀ።

«እኔንጃ። መንገዱን ቀጠለ።»

«ከመቀጠሉ በፊት በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቆመ። እርስዎን የመሰለ ሰው ነበር ማለት ነው። እንዳትረሳ ድንጋይ ተከለላት። ልጁን ግን በቀኙ ያዘው። ኀዘኑን ለድንጋይ ሰጠ፣ ልጁን ለራሱ አስቀረ። ይህን ያህል የሚችል ድንጋይ ነው፣ አባባ፤ ሕፃን አይችለውም። እርስዎ ከኔ ይልቅ ያውቁታል።»

 የአባ መሮ መዳፍ በድንጋዩ ፊት ላይ ነበር።

«በቀኙ ያዘው የምትለው ከየት አምጥተህ ነው?»

«ከስሙ ነዋ። 'ቢን' ልጅ ነው፣ 'ያሚን' ቀኝ። በዕብራይስጥ…»

«ቆይ፣ ቆይ!» አባ መሮ ቀና አሉ። «ያሚን? የማን አይደለም? በግዕዝ ቀኝ የማን ነው። በጸሎቱስ 'በየማነ አቡሁ' እያልን አይደል የኖርነው? በአባቱ ቀኝ።»

«አንድ ቃል ነው፤ የወንድማማች ቋንቋ ነው።»

«እናንተዬ!» አሉ ሽማግሌው፣ ለአፍታ የድሮው ሰው ሆነው። «አንድ ጊዜ ለአንድ ነጋዴ መቃብር 'በየማንከ' ብዬ ቀረጽኩ፣ በቀኝህ አቁመው ለማለት። ልጁ መጥቶ ጮኸብኝ። 'አባቴ የታወቀ ሰው ነው፤ ምን ሲሆን ነው የማን ነህ ተብሎ የሚጠየቀው?' አለኝ። እሷ ያቺ በርጩማ ላይ ሆና በሳቅ ፍርስ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሳቁ ሄዶ ሄዶ በርጩማዋ ላይ ቆመ።

«ቀኝ ማለት በመጽሐፍ ቀላል ነገር አይደለም» አለ መምህሩ። «በረከት በቀኝ እጅ ነው የሚሰጠው። በጎቹ የሚቆሙት በቀኝ ነው። ያዕቆብ በዚያ መንገድ ዳር የሚወዳትን አጥቶ ቆሞ፣ የተወችለትን ጨቅላ በክብሩ ስፍራ አስቀመጠው። ደስ ብሎት አይደለም፤ ሌላ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ነው።» ከዚያም ቀና ብሎ አያቸው። «አባባ፣ እሷን በቤት ስሟ ምን ብለው ነበር የሚጠሯት?»

አባ መሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ደንበኛ ሲመጣ፣ «እስቲ ለቀኝ እጄ ንገሯት፤ እሷ ትንደፈው» ይሉ ነበር። «ቀኝ እጄ፣ ውሃ አቀብይኝ። ቀኝ እጄ፣ መሽቷል፣ እንሂድ።»

«ቀኝ እጄ» አሉ ለግድግዳው።

«እንግዲህ ብንያም ማለት የቀኝ እጅ ልጅ ማለት ነው።»

ወደ ግድግዳው እንደዞሩ አለቀሱ። መምህሩ አላባበላቸውም፤ እሱም ዓይኑ በሌላ ቦታ ነበር። ብቻ፣ «ስሙን ለርስዎ የተወችበትን ምክንያት አልነገርኩዎትም» አለ። «ወደ ውስጥ ሲወስዷት እየሳቀች ነበር። 'አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለሙታን ስም ሲጽፍ ኖረ፤ አንድ ጊዜ እንኳ በሕይወት ላለ ሰው ስም ያውጣ' አለችኝ።»

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም። አባ መሮ ወደ ባልዲው ሄዱ። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር፣ ውሃው ወተት እስኪመስል ታጠቡ። በንጹሕ ፎጣ አደረቁና፣ «ስጠኝ» አሉ። ልጁን በቀኝ ክንዳቸው ላይ አስተኙት። ቀላል ነበር፤ ክሊኒኩ እውነቱን ነው። ዓይኑን ገልጦ አያቸውና አለቀሰ። ተአምር አልሆነም።

«ድንጋዩስ?» አለ መምህሩ።

«ድንጋይ ላይ መስመር አይሰረዝም። አንድ ቃል ለማጥፋት ፊቱን በሙሉ ዝቅ ማድረግ ነው።» ሽማግሌው የልጃቸውን የዘመመ ስም ተመለከቱ። «እሷንም አብሬ እጠርባለሁ ማለት ነው።»

«እኔ ላግዝዎት?»

«ይህንንስ ብቻዬን። አንተ ጽሕፈትህ ቀጥ ያለ ነው?»

«ተማሪዎቼ አይስቁበትም።»

«እንግዲያው ነገ እርሳስ ይዘህ ና።»

ያን ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ ጎማ ጠጋኙ ከድንጋይ ቤቱ የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ ቆየ። አባ መሮ የልጃቸውን ስም በገዛ እጃቸው ሲያጠፉት፣ ፊደሉ እየላላ ትቢያ ሆኖ ጭናቸው ላይ ሲወርድ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ቀበሯት። ከመጀመሪያው ይልቅ ይሄኛው እንደከበዳቸው ለማንም አልተናገሩም። ሲጨርሱ ድንጋዩ ሳሳ፤ ግን ነጭና ባዶ ሆነ።

በማግሥቱ መምህሩ ነደፈ፣ እሳቸው ቀረጹ። ስሟ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከሥሩ «የብንያም እናት» ተባለ። እሑድም ስሙ በምእመናን ፊት እንዲያ ተነገረ።

እንግዲህ ከዚህ ምን ተገኘ ብትሉ፣ ደስታ ተገኘ ብዬ አልዋሻችሁም። ኀዘኑ አልቀነሰም፤ ቦታው ብቻ ነው የተለወጠው። ከልጁ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ልጁ ስሙ ሲጠራ የሰው ሞት አይጠራበትም፤ ሽማግሌው የሚነድፍላቸው እጅ አገኙ፤ መምህሩ የሚጠለልበት ደጃፍ አገኘ። እናንተም በቤታችሁ የከፋ ቀን ሲመጣ፣ ያ ቀን ስም ላውጣ ሲላችሁ እሺ አትበሉት። አልቅሱ፣ ማቅ ልበሱ፣ ድንጋይ ትከሉ። በሕፃን ላይ ግን አትጻፉ። መጽሐፉንም እኩል ላይ አትክደኑት፤ ከሚያስለቅሰው ቃል ቀጥሎ «ግን» የሚል ትንሽ ቃል ይኖር ይሆናል። ሁልጊዜ አለ አልላችሁም። ቢኖር ግን እንዳያመልጣችሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ለባላቸው ድንጋይ ሊያሠሩ ወደ ሱቁ ገቡ። ሽማግሌው ያን ጊዜም ክብደቱ እንደ ልብ ያልጨመረውን ሕፃን በቀኝ ክንዳቸው ይዘው ተቀምጠው ነበር።

«ውይ፣ ጨቅላ!» አሉ ሴትዮዋ፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ። «የማን ልጅ ነው?»

«አዎ፣ ነው» አሉ አባ መሮ።

ሴትዮዋ ሽማግሌው ጆሯቸው የደከመ መሰላቸው። ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የማን ልጅ ነው አልኩዎት እኮ!»

«እኔም የማን ልጅ ነው አልኩዎት፣ እመቤቴ» አሉ ሽማግሌው፣ ባዶዋን በርጩማ እየሳቡላቸው። «አረፍ ይበሉና የባለቤትዎን ስም ይንገሩኝ።»